ሲፒኤስ በር ሲያንኳኳ፦ ሐበሻ ወላጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ከሲፒኤስ የመጣ ሠራተኛ በር ላይ ቆሞ ማየት ያስደነግጣል። ሲፒኤስ የምንለው የየግዛቱ የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። አስተማሪ፣ ሐኪምና ነርስ ልጅ ተጎድቷል ብለው ከጠረጠሩ የማመልከት ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው። ጎረቤትም ሊደውል ይችላል። ምርመራ ተከፈተ ማለት ግን ጥፋተኛ ተባሉ ማለት አይደለም። አብዛኛው ምርመራ ልጅ ከቤቱ ሳይወሰድ ያልቃል።

የሚጎዳን ብዙ ጊዜ የእኛው አያያዝ ነው። አንዳንዱ በፍርሃትና በይሉኝታ ለሁሉም ነገር «እሺ» ይላል። ሌላው ደሙ ፈልቶ ይጮሃል። መተባበር ሌላ ነው፤ መብትን አሳልፎ መስጠት ሌላ ነው። ይህን የምጽፈው በቤቱ በእውነት ለሚጎዳ ልጅ መሸፈኛ እንዲሆን አይደለም፤ የልጁ ደህንነት ከሁሉም ይቀድማል። ሕጉም ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ ለራስዎ ጉዳይ በሚኖሩበት ግዛት የሚሠራ ጠበቃ ያማክሩ።

በይሉኝታ ቤት ማስገባት

የእኛ ሰው በር ላይ የቆመን እንግዳ «ይግቡ» ሳይል አያልፍም። ሠራተኛዋ ገብታ ትቀመጣለች። ሻይ ይቀርብላታል። እሷ ግን ሥራ ላይ ናት። ፍሪጅ ተከፍቶ ምን ምግብ እንዳለ ታያለች። ልጆቹ የት እንደሚተኙ፣ መድኃኒት የት እንደሚቀመጥ፣ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይሠራ እንደሆነ ትመለከታለች። ያየችውም የሰማችውም ፋይሉ ውስጥ ይገባል።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 4ኛው ማሻሻያ የሰው ቤት ያለ አግባብ እንዳይፈተሽ ይከላከላል። በመርህ ደረጃ ሲፒኤስ ያለ ፈቃድዎ የሚገባው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲይዝ ወይም ልጁ አሁኑኑ አደጋ ላይ ነው የሚያሰኝ አስቸኳይ ምክንያት ሲኖር ነው። ከዚያ ውጭ የሚገቡት እርስዎ ስለፈቀዱ ነው። በሩን ከፍቶ ዘወር ማለትም እንደ ፈቃድ ሊቆጠር ይችላል። ፖሊስ አብሮ ስለመጣ ብቻ ትእዛዝ አለ ማለት አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ መታወቂያ ይጠይቁ። የሠራተኛዋን ስምና ስልክ፣ የአለቃዋንም ስም ይጻፉ። ከዚያ ድምፅዎን ሳያነሱ «መተባበር እፈልጋለሁ፤ ከመግባትዎ በፊት ግን ጠበቃ ላናግር» ማለት ይችላሉ። ትእዛዝ አለን ካሉ ወረቀቱን ያሳዩኝ ይበሉ። ካሳዩዎት ባይስማሙበትም አይከልክሉ፤ ክርክሩ ፍርድ ቤት ነው።

እውነቱን ለመናገር መከልከልም ዋጋ አለው። ሠራተኛዋ ሄዳ ዳኛ ልትጠይቅ ትችላለች። አንዳንዴ ጠበቃው ራሱ «ቀን ቆርጠን እናስገባቸው» ይላል፤ ያ ጥሩ ምክር ሊሆን ይችላል። ልጁ ደህና መሆኑ በር ላይ መታየቱ ብቻውን ብዙ ነገር ያረግባል። በር ቆልፎ፣ መብራት አጥፍቶ ድምፅ ማጥፋት ግን ከሁሉም የከፋ ነው።

ቴክሳስ በ2023 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ባወጣችው ሕግ መርማሪዎች ገና ሲገናኙ ለወላጅ መብቱን እንዲነግሩት አስገድዳለች። ያለ ጠበቃ አለመናገርና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቤት አለማስገባት እዚያ ውስጥ አሉ። በብዙ ግዛቶች ግን ይህን የሚነግርዎት ሰው የለም።

ክሱን ሳይሰሙ መልስ መጀመር

ብዙ ወላጅ ገና ምን እንደተባለ ሳያውቅ ማብራራት ይጀምራል። የተጠየቀው ስለ ትምህርት ቤት መቅረት ሆኖ ሳለ ያላነሱትን ጉዳይ ራሱ ያነሳላቸዋል። የሕፃናት ጥቃት መከላከያ የፌዴራል ሕግ የወጣው በ1974 ነው። በ2003 በተደረገው ማሻሻያ መሠረት የሲፒኤስ ሠራተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያገኝዎት የቀረበብዎትን ክስ ሊነግርዎት ይገባል። ማን እንደደወለ አይነግርዎትም፤ ምን እንደተባለ ግን የማወቅ መብት አለዎት። «የቀረበብኝ ክስ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ይቅደም።

ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ

ይሄ በጣም ያሳስበኛል። እናት እንግሊዝኛዋ ስለማይበቃ የአሥር ዓመት ልጇ መሃል ተቀምጦ ያስተረጉማል። ጉዳዩ ስለ ራሱ ወይም ስለ ታናሽ እህቱ ነው። ልጁ ይፈራል። እናቱን ለማዳን ያሳጥራል፣ ወይም ያልገባውን በግምት ይሞላል። ያ ግምት እንደ እናትየው ቃል ተጽፎ ይቀመጣል።

በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ምዕራፍ 6 የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ መሥሪያ ቤቶች በትውልድ አገር ምክንያት አድልዎ እንዳያደርጉ ይከለክላል። እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አገልግሎቱን በሚገባው ቋንቋ ማቅረብም በዚሁ ስር ይወድቃል። ሲፒኤስ የፌዴራል ገንዘብ ስለሚቀበል አስተርጓሚ በነፃ ማምጣት አለበት። ብዙ ጊዜ በስልክ ነው። «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብቻ በቂ ነው።

እንግሊዝኛ እችላለሁ የሚሉም ቢሆኑ ይጠይቁ። ታክሲ ለመንዳት ወይም ሱቅ ለመሥራት የሚበቃ እንግሊዝኛ ለምርመራ ላይበቃ ይችላል። አስተርጓሚው ካልገባዎት ወይም ቋንቋው የእርስዎ ካልሆነ ወዲያው አስቁመው ሌላ ይጠይቁ። የማኅበሩን ሊቀመንበር ወይም የቤተ ክርስቲያን ወዳጅን ማስተርጎምም አይመከርም፤ ገመናዎ በማግስቱ ሰፈሩን ሊያዳርስ ይችላል።

ንጹሕ መሆንን በብዙ ወሬ ለማሳየት መሞከር

ለሠራተኛዋ የሚነግሩት ነገር ለጠበቃ እንደሚነግሩት ሚስጥር አይደለም። የቤተሰብ ጉዳይ በሚያየው ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል፤ የወንጀል ክስ ካለም ለዐቃቤ ሕግ ሊደርስ ይችላል። ልጁ ላይ ምልክት ተገኝቶ መነሻውን ካላወቁ «ምናልባት ወድቆ ይሆናል» ብለው አይገምቱ። ሐኪሙ ምልክቱ ከመውደቅ አይመጣም ካለ ግምትዎ ውሸት ሆኖ ይቆጠራል። የማያውቁትን «አላውቅም» ማለት ይቻላል። ዝም ማለትም መብት ነው። መዋሸት ግን ጉዳዩን ያበላሻል።

«እኛ አገር ልጅ የሚቀጣው እንዲህ ነው» የሚለውም ንግግር አያድንም። በየትኛውም ግዛት ወላጅ ልጁን በመጠኑ መቅጣቱ ብቻውን ወንጀል አይደለም። በቀበቶ ወይም በቻርጀር ገመድ ተመትቶ ሰንበር የወጣበት ልጅ ግን በብዙ ቦታ ተጠቃ ይባላል። በርበሬ ማጠንን ደግሞ ማንም ዳኛ እንደ ቅጣት አያየውም። እኔም አላየውም።

የሕክምና መዝገብ መልቀቂያ ፎርምም አብሮ ይመጣል። የልጁን ብቻ ነው ወይስ የእርስዎንም? ከመቼ እስከ መቼ? እነዚህ ሳይመለሱ አይፈረምም።

ሴፍቲ ፕላን ላይ ዝም ብሎ መፈረም

ሴፍቲ ፕላን ልጁን ለመጠበቅ ተብሎ ሲፒኤስ ወላጁን የሚያስፈርመው አንድ ሁለት ገጽ ወረቀት ነው። «አባት ለጊዜው ከቤት ይውጣ» ወይም «ልጆቹ አክስታቸው ዘንድ ይቆዩ» ሊል ይችላል። በፈቃደኝነት ነው ይባላል። ዳኛ አላየውም። ወላጁ ግን ካልፈረመ ልጆቹን የሚያጣ እየመሰለው ይፈርማል፤ ከዚያ ሳምንቱ ወር ይሆናል።

ከመፈረምዎ በፊት በአማርኛ ይነበብልዎ። የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል? ባልፈርም ምን ይከተላል? ልጆቼን መቼና እንዴት አያለሁ? ጠበቃ እስካናግር አንድ ቀን ይሰጠኛል? መልሱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ኮፒም ይውሰዱ። ከፈረሙ ደግሞ ያክብሩት። አባትየው ማታ ተደብቆ ሲገባ ከታየ መጀመሪያ የተባለው ክስ ባይረጋገጥ እንኳ ይሄኛው ራሱን የቻለ ችግር ይሆናል።

ልጁን ማፋጠጥ

በብዙ ግዛቶች ሲፒኤስ ለወላጅ ሳይናገር ልጁን ትምህርት ቤት ሄዶ ማነጋገር ይችላል። ወላጅ ይህን ሲሰማ ይናደዳል፤ ገና ልጁ ቦርሳውን ሳያወርድ «ምን አልካቸው?» ብሎ ያፋጥጠዋል። ልጁ በሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ ይህንኑ ይናገራል። «እንዲህ በል» ብሎ ማስጠናትም ወዲያው ይታወቃል። ልጅዎን «እውነቱን ብትናገር አልቆጣህም» ብለው ያረጋጉት፤ ከዚያ ራት ያብሉትና ይተኛ።

ልጅን በፍጥነት ወደ ኢትዮጵያ ወይም ሌላ ግዛት ወዳለ ዘመድ መላክም የሚታየው እንደ ማሸሽ ነው። ቀድሞ የተቆረጠ ቲኬት ካለ እንኳ በጠበቃ በኩል ያሳውቁ።

ማን ደወለ ብሎ ማሳደድ

ይተዉት። የጠቋሚው ማንነት በሕግ የተጠበቀ ነው፤ በቅን ልቦና የደወለ ሰውም ከክስ ይጠበቃል። ጎረቤት ላይ መጮህና ፌስቡክ ላይ መጻፍ ለእርስዎ የሚጨምርልዎት የለም። የሠራተኛዋን ድምፅ በድብቅ ከመቅዳትም ይጠንቀቁ፤ ሜሪላንድና ዋሽንግተንን በመሳሰሉ ግዛቶች የግል ንግግርን ያለ ሁሉም ፈቃድ መቅዳት ወንጀል ሊሆን ይችላል። ከዚያ ይልቅ ደብተር ይያዙ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን መጥቶ ምን እንዳለ በአማርኛ ይጻፉ። ከወራት በኋላ ዳኛ ፊት ሲቆሙ ይሄ ደብተር ይጠቅምዎታል።

ልጁ ከተወሰደ በኋላ ተስፋ መቁረጥ

ልጅ በአስቸኳይ ከተወሰደ ጉዳዩ በፍጥነት ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። በዋሽንግተን ግዛት ቅዳሜ፣ እሁድና በዓል ሳይቆጠር በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። በሜሪላንድ ፍርድ ቤቱ በሚሠራበት በቀጣዩ ቀን ነው። የመጀመሪያው ችሎት ላይ መቅረት ማለት መንግሥት ብቻውን ሲናገር መፍቀድ ነው። አለቃ አይለቅም ቢባልም ይሂዱ።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1981 ላሲተር በተባለው ጉዳይ በእንዲህ ዓይነት ክርክር ለደሃ ወላጅ ሁልጊዜ ጠበቃ እንዲቆም ሕገ መንግሥቱ አያስገድድም ብሏል። ግን አብዛኛው ግዛት በራሱ ሕግ አቅም ለሌለው ወላጅ ጠበቃ ይመድባል። ስለዚህ ዳኛው ፊት «ጠበቃ የምከፍልበት ገንዘብ የለኝም፤ ይመደብልኝ» ይበሉ። ካልጠየቁ ላይነሳ ይችላል።

የዘመድ ዝርዝርም በመጀመሪያው ቀን ይስጡ። በ2008 የወጣው የፌዴራል ሕግ ልጁ በተወሰደ በ30 ቀን ውስጥ አዋቂ ዘመዶቹ ተፈልገው እንዲነገራቸው ያዛል። አያት፣ አክስት፣ አጎት፣ ሌላ ግዛት ያሉትም ጭምር። ብዙ ሰው ገመናዬ ይወጣል ብሎ ስማቸውን ይደብቃል። በዚህ መሃል ልጁ ቋንቋውን የማይሰማበት ቤት ይገባል።

ጊዜው ደግሞ ይሮጣል። በ1997 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት ልጅ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን በፎስተር ኬር፣ ማለትም ከወላጁ ውጭ በመንግሥት ኃላፊነት ሥር፣ ካሳለፈ ግዛቱ የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ ማመልከት አለበት፤ ልጁ ዘመድ ዘንድ ከሆነና በጥቂት ሌሎች ምክንያቶች ካልሆነ በቀር። ስለዚህ የታዘዘውን የወላጅነት ትምህርት ዛሬ ይጀምሩ። የልጅዎን መጎብኛ ቀን በፍጹም አይዝለሉ፤ ከሥራ ጋር ከተጋጨ ሰዓቱ እንዲቀየር በጽሑፍ ይጠይቁ። መብትን እስከ መጨረሻው ለማቋረጥ መንግሥት ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ማቅረብ እንዳለበት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 ወስኗል። ቀላል አይደለም፤ እርስዎ ከቀሩ ግን ይቀላል።

«ቀላል ቅጣት ነው» ተብሎ ጥፋተኝነትን ማመን

ከሲፒኤስ ጎን ፖሊስ የወንጀል ክስ ከከፈተና ዜጋ ካልሆኑ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በኢሚግሬሽን ሕጉ ከ1996 ወዲህ በልጅ ላይ በደረሰ ጥቃት ወይም ቸልተኝነት በወንጀል መፈረድ ግሪን ካርድ ያለውን ሰው እንኳ ከአገር ሊያስባርር ይችላል። እስር ባይኖረውም። የሲፒኤስ ውሳኔ ራሱ የወንጀል ፍርድ አይደለም። ሆኖም ምንም ነገር ከማመንዎ በፊት የወንጀል ጠበቃዎ የኢሚግሬሽን መዘዙን ሊነግርዎት ይገባል፤ በ2010 ፓዲላ በተባለው ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ግዴታ አድርጎታል።

የመዝጊያውን ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ መጣል

ምርመራው ሲያልቅ ደብዳቤ ይመጣል። ልጆቹ ቤት ስላሉ ወላጁ «ተመስገን፣ አለቀ» ብሎ ያስቀምጠዋል። ደብዳቤው ግን ክሱ ተረጋግጧል ሊል ይችላል። ያኔ ስምዎ የግዛቱ የሕፃናት ጥቃት መዝገብ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ዴይኬር፣ ትምህርት ቤት፣ የሕሙማንና የአረጋውያን እንክብካቤ ሲቀጥሩ ይህን መዝገብ በብዙ ቦታ ያያሉ። ስንቱ ሐበሻ እዚያ ነው እንጀራውን የሚበላው!

ይግባኝ የማለት መብት አለዎት። የይግባኙ ቀን ግን አጭር ነው፤ ካለፈ በኋላ መመለስ በጣም ይከብዳል። ደብዳቤውን የሚያነብልዎ ሰው በዚያው ቀን ይፈልጉ። ፖስታውንም አይጣሉ፤ የተላከበት ቀን ማኅተም ጊዜው ለማለፉ ወይም ላለማለፉ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ምርመራው ሳያልቅ ቤት ከቀየሩ አዲሱን አድራሻ ለሲፒኤስ በጽሑፍ ያሳውቁ።