ባለቀለም ክንፍ ሲካዳን ለይቶ መመደብ

የአብዛኞቹ ሲካዳዎች (ጮክ ብለው የሚዘምሩ የዛፍ ነፍሳት) ክንፍ እንደ መስታወት ያሳያል። በእስያ ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ ጫካዎች ግን ከቢራቢሮ የሚያምታቱ ወገኖች አሉ፦ ጋኤና፣ ቶሴና፣ ሁዌኪስ።

ቀለሙን ትተው ከግንባሩ ይጀምሩ። 10 እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ ሲያዩት፣ በትልልቆቹ ዓይኖች መካከል በሦስት ማዕዘን የተቀመጡ ሦስት ነጠብጣብ መሳይ ዓይኖች ካሉት ሲካዳ ነው። ሁለት ብቻ ከሆኑና አንቴናው ከትልቁ ዓይን ሥር ከወጣ፣ ሲካዳ ሳይሆን የፉልጎሪዴ ቤተሰብ ነፍሳት ነው። ከዚሁ ቤተሰብ የኋላ ክንፉ ቀይ የሆነው ላይኮርማ ብዙ ሰው የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ጀርባው ላይ መስቀል የሚመስለውን ጉብታ ይፈልጉ። ከጉብታው ኋላ፣ መሃል ላይ፣ የደረቱ የመጨረሻ ክፍል በከፊል ብቅ ካለ ንዑስ ቤተሰቡ ሲካዴቲኔ ነው፤ ሁዌኪስ የዚህ ነው። ከተሸፈነ ሲካዲኔ ነው፤ ጋኤናና ቶሴና እዚያ ይገባሉ።

ቀለም የሚጠቅመው አሁን ነው። ጥቁር የፊት ክንፍ ላይ ፈዛዛ ነጠብጣብ ካለ ጋኤና ማኩላታን፣ ክንፉን የሚያቋርጥ ፈዛዛ መቀነት ካለ ቶሴና ሜላኖፕቴራን፣ ሆዱ ደም የመሰለ ቀይ ከሆነ ሁዌኪስ ሳንጉኒያን ይጠርጥሩ። መጠርጠር ብቻ! በአንድ ዝርያ ውስጥም ቀለም ይለያያል። ቁርጡ የሚታወቀው ከወንዱ የመራቢያ አካል ነው፤ የሆዱን ጫፍ ቆርጠው 10 በመቶ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ብጥብጥ ውስጥ ይዘፍዝፉ፣ ሥጋው ሲለሰልስ በውሃ አጥበው በማይክሮስኮፕ ይዩ።

ናሙናውን አልኮል ውስጥ አያቆዩ፤ ቀለሙ ይለቃል። ከመሃል መስመር በስተቀኝ ደረቱን በእስፒል ወግተው፣ ክንፉን ዘርግተው ያድርቁ።