የቀበሌያችሁ መሬት አጠቃቀም ዕቅድ ሲወጣ እንዴት ትሳተፋላችሁ?

የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ የቱ ለእርሻ፣ የቱ ለግጦሽ፣ የቱ ለደን፣ የቱ ለቤት መሥሪያ እንደሚውል ይወስናል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ማኅበረሰባችሁን በሚነካ ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ አስተያየታችሁ እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷችኋል። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ሊያቀናጅ የነበረው ማስተር ፕላን ተቃውሞ ገጥሞት፣ የሰው ሕይወት ካለፈ በኋላ፣ በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰርዟል። ሰውን ቀድሞ መጠየቅ ይሻል ነበር።

1. ቀኑን ቀድማችሁ እወቁ። የቀበሌውን መሬት አስተዳደር ኮሚቴ ወይም የልማት ሠራተኛውን ጠይቁ። ስብሰባው በገበያ ቀን ከዋለ ይቀየርልን በሉ።

2. ከጎረቤት ጋር ንድፍ ሥሩ። ወረቀት ከሌለ አፈር ላይ በእንጨት መጫር ይበቃል። ምንጩን፣ የከብት መውረጃውን፣ የወል ግጦሹን፣ መቃብሩን፣ ክረምት ውሃ የሚተኛበትን አሳዩ። ውሃ የሚቀዱ ሴቶችና እረኞች ይኑሩበት፤ ሽማግሌ የማያውቀውን አቋራጭ እረኛ ያውቀዋል።

3. ባለሙያዎቹ መሬቱን ሲዞሩ አብራችሁ ዙሩ። ዋናው ይሄ ነው፤ ካርታው ቢሮ ገብቶ ቀለም ከተቀባ በኋላ ማስቀየር ከባድ ነው። ብዙ ክርክር የሚነሳው በተዳፋት ላይ ነው። የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ከልክሎ ነበር። አሁን በ2016ቱ አዋጅ ቁጥር 1324 ስለተተካ፣ ባለሙያው የትኛውን ድንጋጌ ይዞ እንደሚሠራ ጠይቁት። 60 በመቶ ማለት በ100 ሜትር አግድም ርቀት 60 ሜትር ከፍ ማለት ነው፤ በዲግሪ 31 ገደማ ይሆናል። ማሳችሁ «ገደል ነው» ከተባለ እዚያው ቆማችሁ አስለኩ።

4. ቃለ ጉባኤውን ሳታነቡ አትፈርሙ። ማንበብ የማይችል ካለ ጮክ ተብሎ ይነበብለት። የመገኘት ፊርማ ሌላ፣ የስምምነት ፊርማ ሌላ ነው፤ የፊርማው ገጽ አናት ላይ ምን እንደተጻፈ እዩ። ያልተስማማችሁበት ነገር በቦታው ስም ተጠቅሶ ይግባ፤ «አንዳንድ ቅሬታዎች ተነስተዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ለማንም አይጠቅምም።

5. ካልተሰማችሁ በጽሑፍ ለወረዳው አመልክቱ። መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉና ቁጥርና ቀን ያለበትን ቅጂ ያዙ።

6. ዕቅዱ ሲጸድቅ ካርታው ቀበሌ ይለጠፍ በሉ፤ ከንድፋችሁ ጋር አስተያዩት።