ፍግ ሞልቶ ሣሩ ለምን ቢጫ ይሆናል? በወተት ላም እርባታ የማሳ ለምነት ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ ከ5 እስከ 15 ዲቃላ ላም ይዘው በጓሯቸው ወይም በቅርብ ማሳ ዝሆኔ ሣር፣ አጃና አልፋልፋ ለሚያለሙ ነው። ሣሩ በጊዜው መታጨዱን፣ መታረሙንና ውሃ ማግኘቱን አይታችሁ አረጋግጣችኋል ብለን እንጀምር።

ምልክት፦ ዝሆኔ ሣሩ ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ቢጫ ይሆናል፣ ግንዱ ይቀጥናል፤ ፍግ ግን በየዓመቱ ይበተንለታል

ከሁሉም በላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው። የጎደለው ናይትሮጅን ነው። ባለቤቱ «ፍግ አላሳነስኩበትም» ሲል እውነቱን ነው። ፍጉ ማሳው ላይ ደርሷል፤ ናይትሮጅኑ ግን እዚያ ሳይደርስ አልቋል።

ስለዚህ ከማሳው በፊት የፍጉን ክምር እዩ። ከክምሩ ስር የዝናብ ውሃ በሚወርድበት መስመር ላይ ያለው ሣር ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ከሌላው በእጥፍ ካደገ፣ ማዳበሪያችሁ የሄደው እዚያ ነው። ቀጥሎ ማለዳ ላይ ክምሩን በመንሽ ገለጥ አድርጉት። ዓይን የሚያቃጥል፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ከወጣ አሞኒያ ነው፤ ናይትሮጅኑ በአየር እየሄደ ነው። የሚያመልጥበት ቦታ ሦስት ነው።

አንደኛው ሽንቱ ነው። ላም ከምታወጣው ናይትሮጅን ግማሽ ያህሉ፣ ከፖታሲየሙ ደግሞ አብዛኛው ያለው በሽንቷ ውስጥ ነው። በእበቱ በብዛት የሚወጣው ፎስፈረስ ነው። እንግዲህ እበቱን ሰብስቦ ሽንቱን ማፍሰስ ዩሪያውን ጥሎ ጆንያውን እንደማስቀመጥ ነው። ደጋግመን የምናየው በረት ይህን ይመስላል፦ ወለሉ ጥሩ ሲሚንቶ፣ ተዳፋቱም የተስተካከለ፣ ቦዩ ግን ቀጥታ ወደ መንገድ የሚወርድ። ጠዋትና ማታ በውሃ ጎማ ይታጠባል፣ ሽንቱ ከውሃው ጋር ይሄዳል፣ ሰኔ ሲገባ ባለቤቱ ዩሪያ ፍለጋ ወረፋ ይይዛል። በደንብ የምትመገብ አንዲት ዲቃላ ላም በዓመት በሽንቷ ብቻ የምታወጣው ናይትሮጅን በግምት ከግማሽ ኩንታል ዩሪያ ጋር ይስተካከላል። ስምንት ላም ላለው ሰው ወደ 4 ኩንታል ማለት ነው።

መፍትሄው ውድ አይደለም። ወለሉ በ1 ሜትር ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር እንዲያዘቀዝቅ አድርጉ፤ የቦዩን አፍ ክዳን ወዳለው ባለ 200 ሊትር በርሜል መልሱት። እበቱን መጀመሪያ በአካፋ ጥረጉ፣ ውሃ በመጨረሻና በጥቂቱ። ላሟ የምትተኛበት ላይ ጭድ በትኑ፤ ጭዱ ሽንቱን ይመጥጥና ወደ ፍጉ ጉድጓድ ይገባል። ክዳን የሌለው በርሜል ከቦዩ ብዙም አይሻልም። የተጠራቀመውን ሽንት በ5 እጅ ውሃ አቅጥኑት፤ ፀሐይ ስትበርድ ቅጠል ሳይነካ በመስመሮቹ መካከል በተቀደደ ፈር ውስጥ አፍስሱና አፈር መልሱበት።

ሁለተኛው ክምሩ ነው። ሜዳ ላይ የተከመረ ፍግ በበጋ ፀሐይ ያተነዋል፣ በክረምት ዝናብ ያጥበዋል። ጳጉሜን ላይ የሚቀረው ጥቁርና ደረቅ ሆኖ ሲያዩት ያማረ ነው፤ ጉልበት ግን የለውም። ሁለት ጉድጓድ አዘጋጁ፤ አንዱ ሲሞላ ሌላው ይብላላ። ልኩን ለማውጣት፦ 6 ላም እያንዳንዷ በቀን 25 ኪሎ እርጥብ እበት ብትሰጥ 150 ኪሎ፣ በ60 ቀን 9,000 ኪሎ፣ ማለትም ወደ 9 ሜትር ኩብ ይሆናል። 3 በ3 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ጉድጓድ ይበቃዋል። ከታች የሸክላ አፈር ጠቅጥቁ፣ ከላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቁፈሩ፣ የቆርቆሮ ወይም የሣር ጣሪያ አብጁለት። በየሳምንቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር አልብሱት። በስስ ላስቲክ መሸፈን ብር መጣል ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ፀሐይ ይሰነጣጥቀውና ቁርጥራጩ ከሣር ጋር ታጭዶ ላሟ ሆድ ይገባል። ወፍራም ሸራ ግዙ፣ አለበለዚያ በአፈር ብቻ ሸፍኑ።

እርጥበቱን በእጅ መለካት ይቻላል። ከክምሩ መካከል አንድ ጭብጥ አውጥታችሁ ጨምቁ። በጣቶቻችሁ መካከል አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ካለ ልክ ነው። ከፈሰሰ ጭድ ጨምሩ፤ ጭራሽ ካልተንጠባጠበ የተጠራቀመውን ሽንት አርከፍክፉበት። በ3ኛው ሳምንት አንድ ጊዜ አገላብጡና ወዲያው መልሳችሁ ሸፍኑ። ጭዱ ጭድነቱ ሳይጠፋ ፍጉን ማሳ አታግቡ። ያልበሰለ ጭድ አፈር ውስጥ ሲገባ የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳት የሣሩን ናይትሮጅን ይሻሙታል፤ ለሳምንታት ቢጫው ይብሳል።

ሦስተኛው የማሳው ላይ ብክነት ነው። ፍግ በጋሪ ተጓጉዞ በየቦታው ይቆለላል፣ «ዝናብ ሲመጣ ይታረሳል» ተብሎ ሁለት ሳምንት ይሰነብታል። በተለይ ፈሳሽ ዝቃጭ (ከሽንትና ከውሃ ጋር የተቀላቀለ እበት) ፀሐይ ላይ ከተበተነ፣ ከሚተነው አሞኒያ አብዛኛው የሚሄደው በመጀመሪያው ቀን ነው። ጠዋት የበተናችሁትን ከሰዓት በፊት ቅበሩ። ለቆመ ዝሆኔ ሣር ከመስመሩ ጎን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ፈር ቀዳችሁ ጨምሩና አፈር መልሱ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም በደንብ የሚታጨድ ዝሆኔ ሣር ድጋፍ ይፈልጋል፤ ፍግ ናይትሮጅኑን የሚለቀው ቀስ እያለ ነው። ከእያንዳንዱ አጨዳ በኋላ በሩብ ሄክታር 25 ኪሎ ዩሪያ ስጡ።

ምልክት፦ ዩሪያ ተሰጥቶ ለውጥ የለም

ደረቅ አፈር ላይ ተበትኖ ፀሐይ መትቶታል፣ ወይም ውሃ በሚተኛበት ጥቁር አፈር ላይ ወደ ጋዝ ተለውጦ ጠፍቷል። አፈሩ እርጥብ ሲሆን ስጡና ሸፍኑት፤ በጥቁር አፈር ላይ ግን መጀመሪያ ውሃውን አጠንፍፉ። ዩሪያን ከኖራ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ ለፍግም እንዲሁ ነው፤ ኖራው አሞኒያውን ያስወጣዋል።

የዩሪያ ጆንያ ከመኖ መጋዘን ይራቅ። ከፉሩሽካና ከጨው አጠገብ ተቀምጦ በስህተት ለላም የተሰጠ ዩሪያ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ባዶውን ጆንያም የመኖ መያዣ አታድርጉት።

ምልክት፦ ቅጠሉ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፣ አልፋልፋ አይይዝም

እንደ ሆለታ ባለ የደጋ ቀይ አፈር ላይ ከሆነ አሲዳማነትን ጠርጥሩ፤ ፎስፈረሱ በብረትና በአሉሚኒየም ተይዟል። ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለው ማዳበሪያ) መደራረብ አይፈታውም። አፈሩን አስመርምሩ፤ ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያው) ከ5.5 በታች ከሆነ ምርመራው ያዘዘውን ያህል ኖራ ከመዝራት ቢያንስ ከወር በፊት ቀላቅሉ።

ምልክት፦ ዝቃጭ የፈሰሰበት ሣር ተቃጠለ

ሳይቀጥን፣ በቀትር፣ ቅጠል ላይ ፈሷል። ውሃ አጠጡት፣ ያገግማል።

ምልክት፦ የባዮጋዙ ዝቃጭ ውሃ ብቻ ነው፣ ጋዙም ቀንሷል

የበረት እጣቢ ገብቶበታል። እበትና ውሃ እኩል ለእኩል ይሁኑ፤ በረኪናና ሳሙና ያለበት ውሃ በጭራሽ አይግባ።

ዝቃጩ ጉድጓድ ውስጥ ባልዲ ቢወድቅ፣ ቱቦ ቢደፈን ማንም ሰው አይውረድ። ባዶ የሚመስል ጉድጓድም ቢሆን። ከስር የሚጠራቀመው ጋዝ በጥቂት ትንፋሽ ሰው ይጥላል፤ ሊያወጣው የወረደውም ይከተለዋል። በረጅም እንጨት ሥሩ። አፉ ሁልጊዜ በሰው ክብደት በማይሰበር ክዳን ይዘጋ፤ ልጆች በግቢው ይሮጣሉ።

ምልክት፦ ላሞች ይንቀጠቀጣሉ፣ ይወድቃሉ

ዝቃጭ ዓመት ሙሉ በበረቱ አጠገብ ባለው አንድ ማሳ ላይ ብቻ ከፈሰሰ ፖታሲየም ይከማቻል፣ ሣሩም ማግኒዚየም ያንሰዋል። ማሳ ቀያይሩ፤ ለወደቀችው ላም ሐኪም ጥሩ።

ምልክት፦ ብዙ ዩሪያ የተሰጠው አጃ ከበላች በኋላ ታለከልካለች፣ ደሟ ቡናማ ነው

የናይትሬት መመረዝ ነው። ከድርቅ በኋላ ዝናብ ሲያገኝ ድንገት ጠቆር ብሎ የለመለመ አጃ ይህን ያመጣል። መኖውን ወዲያው አንሱ፣ ሐኪም በአስቸኳይ ጥሩ። የቀረውን ከዝናቡ በኋላ አንድ ሳምንት ያህል አቆዩት፤ ስታጭዱም ናይትሬቱ የሚበዛው በታችኛው ግንድ ስለሆነ ከፍ አድርጋችሁ እጨዱ፣ ከጭድ ጋር ደባልቃችሁ በትንሽ በትንሹ ስጡ።