ከ100 ማይክሮግራም በታች ካርቦን ሲለካ ዕድሜው ለምን ይዛባል?

የራዲዮካርቦን አክስለሬተር (በካርቦን-14 መጠን ዕድሜ የሚለካው መሣሪያ) የለመደው 1 ሚሊግራም ያህል ካርቦን ነው። ከብራና ጠርዝ የተላጨች ቁራጭ ግን ታጥባ 50 ማይክሮግራም ብትሰጥ ነው። ናሙናው ሲያንስ ቆሻሻው አብሮ አያንስም፤ መከራው ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

ካርቦን-14 የሌለው እብነ በረድ ወይም ድንጋይ ከሰል "ወጣት" ሆኖ ይወጣል

በዝግጅት ላይ ዘመናዊ፣ ማለትም ካርቦን-14 ያለበት ካርቦን ገብቷል። 1 ማይክሮግራም ብቻ ከ1 ሚሊግራም ጋር ሲደባለቅ 55,000 ዓመት ገደማ ያስነብባል፤ ከ50 ማይክሮግራም ጋር ሲሆን ግን ወደ 31,000 ይወርዳል። ናሙናው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚቃጠልበትን የኳርትዝ ቱቦና የመዳብ ኦክሳይድ አስቀድማችሁ በ900 ዲግሪ ሴልሺየስ ለጥቂት ሰዓታት አቃጥሉ። ኦክሳይዱ ሲቀመጥ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሶ ስለሚስብ ወዲያው ተጠቀሙበት፤ መጠኑንም በናሙናው ልክ ቀንሱ። የወረንጦውን ጫፍ በእሳት አሳልፉ፤ በጣት አትንኩ።

ኦክሳሊክ አሲድ 2 በትልቅ መጠን 1.3407 ይሰጣል፣ በትንሽ መጠን ዝቅ ይላል

ኦክሳሊክ አሲድ 2 የካርቦን-14 ይዘቱ የታወቀ መስፈርት ነው፤ 1.3407 ማለት ከዘመናዊ ካርቦን 1.3407 እጥፍ ነው። ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ ካርቦን-14 ያለቀበት "ሙት" ካርቦን ገብቷል። ከ20 ማይክሮግራሙ 0.4 ያህሉ ሙት ከሆነ ንባቡ በ2 በመቶ ይወርዳል፤ 160 ዓመት ያህል ያስረጃል። መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ወደ ግራፋይት ለመለወጥ የሚያግዘው የብረት ዱቄት፣ የፓምፕ ዘይትና ከነዳጅ የተሠሩ እንደ አሴቶን ያሉ ፈሳሾች ናቸው። ዱቄቱን በኦክስጅን፣ ቀጥሎ በሃይድሮጅን አሙቁ፤ ዘይት አልባ ፓምፕ ይሻላል።

ሁለቱንም ቆሻሻ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ስለማይቻል ልኩን ማወቅ ግድ ነው። ካርቦን-14 የሌለውንም ኦክሳሊክ አሲዱንም በ20፣ በ50 እና በ100 ማይክሮግራም አዘጋጅታችሁ ውጤቱን ከ1/ክብደት አንጻር ሣሉ። ነጥቦቹ በቀጥተኛ መስመር ከዋሉ ቆሻሻው ቋሚ ነው፤ ተዳፋቱ መጠኑን ይነግራል። ትንሽ ናሙናን በ1 ሚሊግራም መስፈርት ማረም ብዙ ጊዜ የምናየው ስህተት ነው። የእርማቱን ጥርጣሬም ወደ ዕድሜው ጥርጣሬ ጨምሩ።

የግራፋይት ምድጃው ግፊት መውረዱን ግማሽ መንገድ ላይ ያቆማል

ድኝ ወይም ክሎሪን ብረቱን መርዞት ይሆናል፤ ስታቃጥሉ የብር ሽቦ ጨምሩ። ካልሆነ የሚወጣው ውሃ አልተያዘም፦ ማግኒዚየም ፐርክሎሬት ወይም የቀዘቀዘ ወጥመድ ያስፈልጋል። ቱቦውም ሰፊ ከሆነ ግፊቱ ያንስና ሥራው ይጓተታል።

ሳያልቅ የተከፈተ ግራፋይት ካርቦን-13 ይጎድለዋል። ስለዚህ እርማቱ አክስለሬተሩ ራሱ ከዚያው ግራፋይት በሚለካው የካርቦን-13 ንጽጽር ይሁን።

ከ20 ማይክሮግራም በታች ከሆነ ከብረት ዱቄት ጋር አትታገሉ። እንደ ሚካዳስ ያለ ጋዝ የሚቀበል መሣሪያ ካለ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በሂሊየም አቅጥናችሁ በቀጥታ አስገቡ። ጨረሩ ስለሚደክም የስህተት ክልሉ ይሰፋል፣ ከግራፋይት ዝግጅት የሚመጣው ቆሻሻ ግን አይገባም።