ሎጉን አጥፍተነዋል፣ ዲስኩ ግን አሁንም ሙሉ ነው፦ የቶምካት ሰርቨር ችግርና መፍትሄ

ጠዋት 2፡30 ላይ ስልክ ይደወላል። "ሲስተም የለም" ይባላል። መስኮቱ ፊት ሰው ተሰልፏል። ሰርቨሩ ግን አልጠፋም፤ ፒንግ ይመልሳል፣ የመግቢያው ገጽም ይከፈታል። ነገሩ የሚቆመው ፎርም ሞልታችሁ ሴቭ ስትሉ ወይም ፋይል ስትጭኑ ነው። ሎጉ (የሰርቨሩ መዝገብ ፋይል) ላይ "ኖ ስፔስ ሌፍት ኦን ዲቫይስ"፣ ማለትም ዲስኩ ላይ ቦታ የለም የሚል መስመር ካያችሁ ሌላ ቦታ አትድከሙ።

ኬብሉን፣ ኔትወርኩንና ዳታቤዙን አይታችኋል ብዬ ልቀጥል።

ቶምካት (የጃቫ ዌብ አፕሊኬሽኖችን የሚያስኬደው ሰርቨር) ሊኑክስ ላይ በራሱ ስክሪፕት ሲነሳ፣ አፕሊኬሽኑ ወደ ስክሪን የሚያወጣው ሁሉ ካታሊና ዶት አውት የሚባል አንድ ፋይል ውስጥ ይገባል። የቀሩትን ሎጎች ቶምካት ራሱ በየቀኑ አዲስ ፋይል ይከፍትላቸዋል፤ ይሄኛውን ግን እናንተ ካላዘዛችሁ ማንም አይቆርጠውም። ዲቨሎፐሩ ዲባግ (ሁሉንም ዝርዝር የሚጽፈውን የሎግ ደረጃ) ከፍቶ ረስቶት ሲሄድ፣ ወይም ዳታቤዙ ተቋርጦ አፕሊኬሽኑ ያንኑ መቶ መስመር ኤረር በየሰከንዱ ሲደጋግም፣ ፋይሉ ባንድ ሌሊት ዲስኩን ይውጠዋል።

ደጋግሜ የማየው ስህተት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሰው ደንግጦ ፋይሉን በአርኤም ይሰርዘዋል። የዲስኩን ሙላት የሚያሳየውን ዲኤፍ ሲል አሁንም 100%። የፋይሎችን መጠን የሚደምረውን ዲዩ ሲል ደግሞ ፎልደሩ ባዶ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ሊኑክስ ላይ መሰረዝ ማለት ስሙን ማንሳት ነው፤ ፋይሉን የከፈተው ፕሮሰስ እስካልዘጋው ድረስ ቦታው አይለቀቅም። የቤት ቁጥሩን ከበሩ ላይ ነቅላችኋል፣ ተከራዩ ግን ውስጥ ነው።

በሰኔ 30 የሂሳብ መዝጊያ ሰሞን አንድ መስሪያ ቤት ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ልጁ ሎጉን ሰርዞ ለውጥ ሲያጣ፣ ትልቅ የመሰለውን ሁሉ እየፈለገ መሰረዝ ጀመረ። ደንበኞች የጫኗቸው የሁለት ወር ሰነዶች አብረው ሄዱ። ባካፑ ያለው እዚያው ዲስክ ላይ ነበር፣ እሱንም ሰርዞታል። ፕሮሰሶች የከፈቷቸውን ፋይሎች የሚዘረዝረውን ኤልኤስኦኤፍን በፕላስ ኤል 1 (የተሰረዙትን ብቻ እንዲያሳይ) ሳስኬደው የጃቫው ፕሮሰስ 61 ጊጋባይት ይዞ ተቀምጧል፣ መስመሩ መጨረሻ ላይ "ዲሊትድ" ይላል። ቦታው የተገኘው በሁለት ደቂቃ ነው። ሰነዱን ግን ከወረቀት መልሰው ስካን ሲያደርጉ ሶስት ቀን ፈጀባቸው። እባካችሁ፣ ያበጠው የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ምንም አትሰርዙ!

መፍትሄው እንዲህ ነው። ፋይሉ ገና ካልተሰረዘ በትራንኬት ትዕዛዝ መጠኑን ዜሮ አድርጉት፤ ቶምካቱ ሳይቆም ቦታው ወዲያው ይለቀቃል። ለምርመራ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሺህ መስመሮች ቀድማችሁ ወደ ሌላ ማሽን ውሰዱ። ከተሰረዘ ደግሞ ፕሮክ በሚባለው የሲስተም ፎልደር ውስጥ በፕሮሰሱ ቁጥር ገብታችሁ፣ ኤፍዲ (ፕሮሰሱ የከፈታቸው ፋይሎች ያሉበት) ስር ኤልኤስኦኤፍ ያሳያችሁን ቁጥር በዚያው በትራንኬት ባዶ አድርጉት። ሪስታርትም ቦታውን ይለቃል። ችግሩም እሱ ነው፤ "አጥፍተን ስናበራው ተስተካከለ" ይባልና ምክንያቱን ማንም ሳያየው በሁለት ሳምንት ይመለሳል።

ለዘለቄታው ሎግሮቴት (ሎጎችን በየጊዜው የሚቆርጥ ፕሮግራም) ላይ አስገቡት። ኮፒትራንኬት (ቀድቶ ዋናውን ባዶ የሚያደርግ)፣ ኮምፕረስ (ቅጂውን የሚያሳንስ)፣ 7 ቅጂ፣ ማክስሳይዝ (የመጠን ጣሪያ) 500 ሜጋባይት። ልብ በሉ፣ ሎግሮቴት አብዛኛው ቦታ በቀን አንዴ ነው የሚነሳው፤ ማክስሳይዙም የሚታየው ያኔ ብቻ ነው። በየሰዓቱ እንዲነሳ አድርጉት። ኮፒትራንኬት መጀመሪያ ሙሉ ቅጂ ስለሚሰራ ዲስክ ከሞላ በኋላ አታስኪዱት፣ 40 ጊጋባይት ለመቁረጥ ሌላ 40 ይፈልጋል። በቅጂውና በቆረጣው መካከል ጥቂት መስመር ሊጠፋም ይችላል። ከሁሉ በላይ ዲባጉን አስዘጉ። ፕሮዳክሽን ላይ ዲባግ ከፍቶ መሄድ የሰው ስራ ማቆም ነው።

ሌላው ቦታ የሚበላው ሂፕ ዳምፕ ነው፤ ጃቫ የሚጠቀምበት ሚሞሪ (ሂፕ) በፋይል የተገለበጠ ቅጂ ማለት ነው። ጃቫ ሚሞሪ ሲያልቅበት እንዲጽፍ ከታዘዘ፣ 8 ጊጋ ሂፕ ወደ 8 ጊጋ የሚጠጋ ፋይል ሊጥል ይችላል። ስሙ ላይ የፕሮሰሱ ቁጥር ስላለ በየሪስታርቱ አዲስ ይጨመራል። ውስጡ የደንበኛ መረጃና ፓስዎርድ ሊኖር ስለሚችል ለማንም በቴሌግራም አትላኩት።

ዲኤፍ ቦታ አለ እያለ አልጽፍ ካለ ኢኖድ (እያንዳንዱ ፋይል የሚይዘው መመዝገቢያ) አልቆ ይሆናል፣ በዲኤፍ ላይ አይ ጨምራችሁ እዩ። ሩት (ዋናው አስተዳዳሪ) ሆናችሁ መጻፍ ችላችሁ ቶምካቱ ካልቻለ፣ ምክንያቱ ኤክስት 4 የሚባለው የፋይል ሲስተም ካልተቀየረ በስተቀር ለሩት የሚያስቀምጠው 5% ነው።

መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ "ሪድ ኦንሊ ፋይል ሲስተም" (ማንበብ እንጂ መጻፍ አይቻልም) የሚል ከመጣ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ቦታ አልሞላም። በግድ ለመጻፍ አትክፈቱት፤ ዲሜሴጅ (የሊኑክስ ከርነል መልእክቶች) ላይ የዲስክ ኤረር ፈልጉ፣ ባካፕ ውሰዱ፣ ከዚያ ኤፍኤስሲኬን (የፋይል ሲስተም መጠገኛውን) አስኪዱ። ዩፒኤሱንም ፈትሹ። ባትሪው የሞተ ዩፒኤስ ከሰርቨሩ ስር ተቀምጦ አረንጓዴ መብራት ሲያበራ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ከሶኬቱ ነቅላችሁ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ በሰዓት ለኩት፣ ያንን ደግሞ ሰርቨሩ ጠፍቶ ባለበት ሰዓት፣ በምትኩ ተመጣጣኝ ጭነት ሰክታችሁ አድርጉት።