ድሬዳዋ ላይ የጨዋታና የፊልም ኮምፒውተር ሲገጣጠም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ግንቦት ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ከቬንትሌተር በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። የእህቴ ልጅ ደወለ። «አጎቴ፣ ኮምፒውተሩ ጨዋታ መሃል ላይ ድርግም ይላል። ማታ ማታ ግን ደህና ነው።» ሳላየው በሽታውን አወቅሁት። ዕቃዎቹን የመረጠው ከቪዲዮ ላይ ነው፤ ቪዲዮውን የሠራው ሰውዬ ደግሞ ሹራብ ለብሷል።

የመጀመሪያው ስህተት ይህ ነው፤ የሌላ አገር አየር ቆጥሮ መግዛት። የፕሮሰሰር ፋን ቅዝቃዜ አይፈጥርም፤ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ አየር ያስተላልፋል እንጂ። ስለዚህ 22 ዲግሪ የነበረው ክፍል 35 ሲደርስ የፕሮሰሰሩም ሙቀት በዚያው መጠን ገደማ ይጨምራል። አብዛኞቹ ፕሮሰሰሮች ወደ 95 ወይም 100 ዲግሪ ሲጠጉ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነት ይቀንሳሉ፤ ካልበቃም ይጠፋሉ። የልጁ ኮምፒውተር ሳጥን ፊቱ ሙሉ መስታወት ነበር፤ ለዓይን ያምራል፣ አየር ግን አያስገባም። ፊቱ እንደ ወንፊት የተበሳሳ፣ የሚወጣና የሚታጠብ የአቧራ ማጣሪያ ያለው ሳጥን ይፈልጉ። ከፊት ሁለት ፋን ያስገባ፣ ከኋላ አንድ ያስወጣ። የሚገባው ከሚወጣው ሲበልጥ አቧራው በየስንጥቁ አይሳብም፤ የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ንፋስ ሲነሳ የዚህን ጥቅም ያዩታል። ቀይና ሰማያዊ የሚያበራ ፋን አየሩን አያበዛውም፤ ዋጋውን እንጂ።

ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ብር ያቃጥላል፤ ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ በተራረፈ ገንዘብ መግዛት። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «500 ዋት» ተጽፎ ይሆናል፤ እሱን ይተዉት። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ ያንብቡና የ12 ቮልቱን አምፔር በ12 ያባዙ። 20 አምፔር ካለ ለፕሮሰሰሩና ምስሉን ለሚሠራው ግራፊክስ ካርድ የሚደርሰው 240 ዋት ብቻ ነው፤ 500 የተባለው የካርቶን ወግ ነው። ጎረቤት ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ደብዘዝ በሚልበት ቤት፣ መብራት ሄዶ በድንገት በሚመለስበት ከተማ፣ እዚህ ላይ መቆጠብ ሞኝነት ነው። የፍሪጅ መከላከያውም መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን አያቆየውም፤ ለዚያ ባትሪ ያለው መጠባበቂያ፣ ዩፒኤስ፣ ያስፈልጋል። ሲገዙ ደግሞ «650 ቪኤ» ማለት 650 ዋት እንዳይመስልዎት። አብዛኛውን ጊዜ 400 አይሞላም፤ ሥራውም ጨዋታውን መዝግበው በሰላም እስኪያጠፉት ጥቂት ደቂቃ መስጠት ነው።

ሦስተኛው፣ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ሳይፈትኑ መግዛት። እኔ ራሴ ተታልያለሁ። ኢቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ የማምረቱ ሥራ፣ «ማዕድን ቁፋሮ» የሚሉት፣ በመስከረም 2022 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲያበቃ ብዙ ካርድ ወደ ገበያ ፈሰሰ። ለቁፋሮ የዋለ ሁሉ የሞተ አይደለም፤ ፋኑ አርጅቶ፣ ውስጡ ያለው የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ደርቆ ግን ሊሆን ይችላል። የባሰው ሐሰተኛው ነው። የገዛሁት ካርድ ስሙ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ይላል፤ ውስጡ ግን ስሙ የተቀየረ የድሮ ቺፕ ነበር። ሻጩ ያውቅ አያውቅ አላህ ይወቀው። ትክክለኛው 1050 ቲአይ የድሮውን ሰማያዊ የቪጂኤ መሰኪያ የለውም፤ የእኔው ነበረው፤ ያን ጊዜ ይህን ባውቅ ሱቁ በር ላይ ይገባኝ ነበር። ታይዋን በሚባለው የከተማችን ገበያ ሱቅ ለሱቅ ሲዞሩ ጂፒዩ ዜድ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይያዙ፤ ካርዱ ተሰክቶ ሐሰተኛነቱን ይነግርዎታል። ከዚያም ሃያ ደቂቃ ከባድ ጨዋታ ያስነሱበት። ሻጩ እምቢ ካለ ብሩን ወደ ኪስ ይመልሱ።

ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝቶ ካርድ መጨመር ራሱ ስህተት አይደለም፤ እንዲያውም ለብዙ ቤት ይበቃል። ስህተቱ ሳይለኩ መግዛቱ ነው። ቀጭኑ ሳጥን አጭር ካርድ ብቻ ይቀበላል፤ ፓወር ሰፕላዩም ብዙ ጊዜ የራሱ ቅርጽ ስላለው ሌላ አይተካውም። ስለዚህ ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይፈልግ፣ ማዘርቦርዱ በሚሰጠው 75 ዋት የሚሠራ ካርድ ይምረጡ።

ራም ሲገዙ አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 ይሁን፤ ፕሮሰሰሩ ከሁለቱም እኩል ሲያነብ ይፈጥናል። ለአዲሶቹ የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች የሚሆነው ኤኤም5 ማዘርቦርድ የሚቀበለው ዲዲአር5 የሚባለውን አዲሱን የራም ዓይነት ብቻ ስለሆነ የድሮ ራምዎ አይገባም።

ለፊልም ብቻ ከሆነስ? ካርዱ ይቅር። ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች አብሯቸው ያለው ግራፊክስ 4ኬ ፊልም ያለ ችግር ያጫውታል፤ ስማቸው መጨረሻ ላይ «ኤፍ» ያለባቸው ግን ግራፊክስ የላቸውምና ስክሪኑ ጨለማ ይሆንብዎታል። ፊልሙን ሃርድ ዲስክ ላይ ያከማቹ፤ ዊንዶውስና ጨዋታዎቹ ፈጣኑ ዲስክ፣ ኤስኤስዲ፣ ላይ ይሁኑ።

ካርድ ከገዙ ደግሞ የቴሌቪዥኑን ገመድ ከማዘርቦርዱ ሳይሆን ከካርዱ ይሰኩ። አይሳቁ፤ «ካርዱ አይሠራም» ተብዬ ሄጄ ገመድ ነቅዬ የሰካሁበት ቤት ከአንድ በላይ ነው።

የእህቴ ልጅ ጋ ስሄድ መጀመሪያ ያደረግነው ያን መስታወት መንቀል ነበር። በቦታው የተበሳሳ ቆርቆሮ አስገባንበት፤ ከሰዓት በኋላም አልጠፋም። መስታወቱን እናቱ ወሰደችው፤ አሁን ስኒ ይደረደርበታል።