የፊንቻችሁን ጤና ከኩሷ እንዴት ትከታተላላችሁ

ቤታችሁ ፊንች፣ ማለትም ኬጅ ውስጥ የምትረባው ትንሽዬ ጥሬ ለቃሚ ወፍ ካለች ከሁሉ በፊት ልመዱት የምላችሁ ነገር ኬጁ ስር ያለውን ወረቀት ሳታዩ አለመጣል ነው። ወፍ ህመሟን ትደብቃለች፣ ዱር ላይ ደከም ያለችው ናት ቀድማ የምትበላው፣ ስለዚህ ታማም ቢሆን ሰው ሲያያት ቀና ብላ ትቆማለች፣ ትዘፍናለች፣ ጥሬ ትለቅማለች። ላባዋን ነፍታ ጥግ ላይ ስትቀመጥ ካያችኋት ብዙ ጊዜ በሽታው ቆይቷል ማለት ነው። ዜብራ ፊንች ደሞ ከ12 እስከ 15 ግራም ብትመዝን ነው፣ የምታስቀምጠው ስብ እዚህ ግባ አይባልም፣ አንድ ቀን መብላት ካቆመች በነጋታው ልታጧት ትችላላችሁ። ኩሷን ግን መደበቅ አትችልም።

መጀመሪያ ወረቀቱን አስተካክሉ። ሰጋቱራና የእንጨት ፍቅፋቂ ይቅር፣ ምንም አያሳይም፣ እርጥበቱንም ይመጥና ሻጋታ ያመጣል። ነጭ ወረቀት ወይ የኩሽና ሶፍት አንጥፉ፣ ጋዜጣም ይሆናል ግን ቀለም ለመለየት ነጩ ይሻላል። በየቀኑ ጠዋት ቀይሩት፣ ካልተቀየረ የትናንቱና የዛሬው ይደባለቅና ምን እንደተለወጠ አታውቁም። የምትተኛበት እንጨት ስር የሚከመረውን ለይታችሁ እዩት፣ የሌሊቱ እዛ ነው የሚጠራቀመው።

አሁን ቀረብ ብላችሁ አንዷን ጠብታ እዩ፣ ሶስት ነገር አላት። አንዱ ጠጣሩ ነው፣ ጥቁር አረንጓዴ ወይ ቡናማ፣ ቅርጹን የያዘና ጥምዝ ያለ። ሁለተኛው ነጩ ነው፣ እሱ ከኩላሊት የሚመጣ ዩሪክ አሲድ ነው፣ ወፍ ቆሻሻዋን እንደኛ በብዙ ውሃ አታስወጣም። ሶስተኛው ጥርት ያለ ውሃ ነው፣ ሽንቷ፣ ወረቀቱ ላይ ጠብታው ዙሪያ ቀለበት ሰርቶ የሚደርቀው። ሶስቱም በአንድ ቀዳዳ ነው የሚወጡት ለዛ ነው አንድ ላይ የምታዩት። ዜብራ ፊንች አገሯ ደረቁ የአውስትራሊያ መሬት ስለሆነ ውሃ ቆጣቢ ናት፣ ደረቅ ጥሬ የምትበላ ጤነኛ ወፍ ቀለበቷ በጣም ትንሽ ነው ወይም ጭራሽ አይታይም። ይሄን አስታውሱ፣ ኋላ ይጠቅማል።

ጤነኛ በሆነችበት ሰሞን ወረቀቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። የሷ ጤነኛ ኩስ ምን እንደሚመስል ካላወቃችሁ የታመመውን ከምን ጋር ልታስተያዩት ነው?

ሳትታመም የሚቀየርበት ጊዜም አለ፣ ቶሎ አትደንግጡ። የጠዋቱ የመጀመሪያ ኩስ ሌሊቱን ስለሚጠራቀም ትልቅ ነው። እንቁላል ልትጥል የደረሰች ሴት ወይም የታቀፈች ጎጆዋን ላለማቆሸሽ ይዛ ቆይታ በአንዴ ብዙ ትጥላለች፣ መጠኑ ያስደነግጣል ግን ጤነኛ ነው። ኪያር ወይ ቆስጣ ከሰጣችኋት ይቀጥናል፣ አረንጓዴውም ይደምቃል። ቀይ ስር ከቀመሰች ቀይ ይሆናል፣ ሰው ደም መስሎት ይሯሯጣል። መኪና ላይ ስትጫን ወይ በእጅ ስትያዝም ከፍርሃት የተነሳ ውሃ ውሃ ታደርጋለች። እነዚህ ሁሉ ምክንያታቸው ሲያልፍ በሰአታት ውስጥ ይመለሳሉ፣ አትክልቱን አቁማችሁ በነጋታው ካልተመለሰ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ተቅማጥ ላይ ነው። ወረቀቱ ረጥቦ ሲያይ ተቅማጥ ያዛት ይላል፣ ግን ጠጣሩ ቅርጹን ይዞ ዙሪያው ያለው ውሃ ብቻ ከሰፋ ተቅማጥ አይደለም፣ ሽንቷ ነው የበዛው፣ አትክልት ሳትበላ በየቀኑ እንደዛ ከሆነ ኩላሊትን ያስጠረጥራል። ተቅማጥ የሚባለው ጠጣሩ ራሱ ቅርጹን አጥቶ ሲዝረከረክ ነው፣ ያኔ ጅራቷ ስር ያለው ላባ ተጣብቆ ታገኙታላችሁ፣ የአንጀት ኢንፌክሽን ወይ እንደ ኮክሲዲያ ያለ ጥገኛ ተውሳክ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን መለየት ለሐኪሙ ግማሽ ስራ ነው።

ከዛ ነጩን እዩ፣ እኔ ከሁሉ በላይ የማምነው እሱን ነው ምክንያቱም ምግብ የጠጣሩን ያህል ቀለሙን አይለውጠውም። ነጩ ወደ ቢጫ ወይ ወደ አረንጓዴ ከሄደ ብዙ ጊዜ ጉበት ነው፣ አትጠብቁ። ጠጣሩ እንደ ሬንጅ ጥቁርና የሚያጣብቅ ከሆነ ላይኛው አንጀት ወይ ጨጓራ ውስጥ ደም ሊኖር ይችላል፣ ቀይ ትኩስ ደም ከሆነ ደሞ ወደ መውጫው አካባቢ ነው። ኩሱ በጣም ካነሰና የቀረው ጥቁር አረንጓዴ ጭላጭ ከሆነ ወፏ እየበላች አይደለም፣ የምታዩት ሐሞት ነው። ጥሬውን ስትፈለፍል አይታችሁ እየበላች ነው እንዳትሉ፣ ፈልፍላ የምትጥልም አለች። የኩሽና ሚዛን ካላችሁ በግራም መዝኗት። ሴት ከሆነችና እያማጠች ኩስ ካቆመች እንቁላል ተቀርቅሮባት ይሆናል፣ ይሄ የዛኑ ቀን ሐኪም ጋር የሚኬድበት ነው።

አንዳንዴ ደሞ ጠብታውን በስቴኪኒ ከፈት ስታደርጉት ያልተፈጨ ሙሉ ጥሬ ታገኛላችሁ። ጥሬው ሳይፈጭ ካለፈ ጨጓራዋ እየሰራ አይደለም፣ ማክሮራብደስ የሚባለው የጨጓራ ፈንገስ ፊንች ላይ የታወቀ ነው፣ ወፏ ቀኑን ሙሉ እየበላች ትከሳለች። ሶሳይቲና ጎልዲያን የሚባሉትን የፊንች ዓይነቶች አንድ ላይ የምታረቡ ደሞ ኮክሎሶማ የሚባለውን የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ አስቡ፣ ሶሳይቲዎቹ ምንም ሳይሆኑ ይሸከሙትና የጎልዲያን ጫጩቶችን ይጨርሳል።

ኬጁ ውስጥ ብዙ ከሆኑ መጥፎውን ኩስ ያያችሁ ቀን የማን እንደሆነ ለማወቅ የጠረጠራችኋትን ለብቻዋ ትንሽ ኬጅ ውስጥ አስቀምጡና ንጹህ ወረቀት አንጥፉ፣ በቀን ብዙ ጊዜ ስለምትጥል ሁለት ሶስት ሰአት ውስጥ መልሱ ይታያል። እግረ መንገዴን፣ ኮርደን ብሉ የያዛችሁም ካላችሁ፣ ያቺ አገር ቤት ግቢ ውስጥ የምትለቅመው ወንዱ ጉንጩ ቀይ የሆነ ሰማያዊ ወፍ ማለት ነው፣ ዘመዳሞች ስለሆኑ ያልኩት ሁሉ ለሷም ይሰራል።

ከታመመች መጀመሪያ ሙቀት ስጧት። ከኬጁ ባንዱ በኩል አምፖል አድርጋችሁ ወደ 29 ወይ 30 ዲግሪ አድርሱት፣ ሌላው ጎን ቀዝቀዝ ይበል፣ ሲሞቃት እንድትሸሽ። ውሃና ጥሬ አጠገቧ ይሁን፣ አትክልቱ ይቅር። እባካችሁ ቤት የተረፈ ቴትራሳይክሊን ውሃዋ ውስጥ አትበትኑ። ፈንገስ ከሆነ አንቲባዮቲክ ምንም አይሰራለትም፣ ጭራሽ ሊያባብሰው ይችላል፣ ለሰው የተሰራ መጠንም ለ12 ግራም ወፍ አይመጠንም።

ሐኪም ጋር ስትሄዱ ኬጁን አጽድታችሁ አትሂዱ፣ የእንግዳ ቤት አይደለም፣ የዛን ቀን ወረቀት እንዳለ ይዛችሁ ሂዱ። ለላቦራቶሪ የሚሆነውን ደሞ ሶፍት ላይ አትውሰዱት፣ እርጥበቱን ይመጠዋል፣ ንጹህ ፕላስቲክ አንጥፉላትና ትኩሱን ሰብስባችሁ በትንሽ ፌስታል ቋጥሩት፣ ወዲያው የማትሄዱ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ እንጂ ፍሪዘር ውስጥ እንዳይገባ፣ ከዛኑ ቀንም አይለፍ። የደረቀ ኩስ ስታነሱ አቧራው እንዳይቦን ውሃ እርጭ አድርጉበት፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ከወፍ ወደ ሰው የሚተላለፍ አለና።